ጨንቻን የመለስንበት ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ላይ ልጄ ምሕረት ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ከዓሣው ሳህን አጠገብ ዘረጋችው። ወረቀቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ትናንሽ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ከሥራቸው "አግድም"፣ "ቁልቁል" የሚል ጽሑፍ አለ። ሳየው ደንገጥ አልኩ። ለብዙ ዓመት የጠፋ ዘመድ ድንገት መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ነበር።

"እማ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው" አለችኝ። "ከጓደኛዬ ጋር የእንቆቅልሽና የጨዋታ መጽሔት ልናወጣ ነው።"

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ምሕረት የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ወንበር አላት፣ ማራገቢያ ያለው ክፍል አላት፣ ወር ሲሞላ የሚገባላት ደሞዝ አላት። እሷን እዚያ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ስንት ዘመን ሙዝ ስሸጥ እንደኖርኩ አንድዬ ያውቃል። እኔ ደግሞ ፈሪ ሴት ነኝ። ዝናብ ሲበዛ ኩልፎ ወንዝ ሞላ ብዬ እፈራለሁ፤ ሲጠፋ ሙዙ ደረቀ ብዬ እፈራለሁ። ልጆቼ ጫሞ ሐይቅ ዳር ሄዱ ሲባል የሚታየኝ አዞ ነው። ስለዚህ ልቤ ደረቴን ሲደልቀው ያው የለመድኩት ፍርሃት ነው ብዬ ነበር።

"እንደ ቋጠሮ ነው የሚሆነው" አለች ምሕረት። "አንቺ እንደምትነግሪን።"

ቋጠሮ። ያንን ስም ከሰው አፍ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ። ያኔ ነው ልቤ በፍርሃት ብቻ እንዳልደለቀ የገባኝ። የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ውስጥ ከመኪና መስኮት መስኮት ስሮጥ የሚደልቀው ድለቃ ነበር።

አባቴ የሞተው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። እናቴ ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላ በጋብቻ የወረደች ሴት ናት። ሲቀላ በሚባለው የከተማው የታችኛው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ግቢዋ ውስጥ ማንጎ የሞላባት አንዲት ቤት ነበረችን። እኔ ለውዝ ቆልቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለተሳፋሪ እሸጥ ነበር። አክስቴ አዲስ አበባ ሰው ቤት አግኝታልኝ ነበርና እናቴ በዚያ ዓመት ቁርጡን ነገረችኝ። "እስከ መስቀል ሥራ የሚባል ነገር ከያዝሽ እሰየው። ካልያዝሽ ከአክስትሽ ጋር ትሄጃለሽ።" ክፋት አልነበረም፤ ድህነት ነው። እኔ ግን የሰው ቤት ወጥ ቤት በሕልሜ እየመጣ ያስደነግጠኝ ጀመር።

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የነበራቸው ጋሽ መኮንን ናቸው ሥራውን ያመጡት። ጋሽ መኮንን የጎጃም ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ሒሳብ ሊያስተምሩ መጥተው፣ ጡረታ እስኪወጡ አስተምረው፣ እዚሁ የቀሩ። በዚያ በአርባ ምንጭ ሙቀት የሱፍ ኮታቸውን አያወልቁም፤ ከኮቱ ኪስ ደግሞ ማስመሪያ አይጠፋም። ሰው ሲያናግራቸው እንኳ እጃቸው ወረቀት ላይ ቤት ይሠራል። አንድ ቀን ለውዝ ሊገዙኝ ጠርተው፣ በማባዣ ማሽን የታተመች፣ ጠርዟ በስቴፕለር የተመታች ቀጭን መጽሔት አሳዩኝ። በላይዋ ላይ "ቋጠሮ" ይላል።

"ይቺን ከለውዝሽ ጋር ትሸጫታለሽ" አሉኝ።

"ምንድን ናት ጋሽ መኮንን?"

"መኪና እስኪሞላ ሰው ምን ይሠራል?"

"ይሳደባል።"

"ከእንግዲህ ያስባል" አሉ።

አላሰበም። የመጀመሪያዋ እትም መከራ አሳየችኝ። ጋሽ መኮንን አስተማሪ ናቸውና የጥያቄዎቹን መልስ በጥንቃቄ መጨረሻው ገጽ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ተሳፋሪው "እስቲ አሳዪኝ" ይላል፤ ጥያቄውን ያያል፣ ገልበጥ አድርጎ መልሱን ያያል፣ "ይኼማ ቀላል ነው" ይልና ለውዙን ብቻ ገዝቶ ይሄዳል። መጽሔቷ በሰው እጅ ተዳብሳ ተዳብሳ ጠርዟ ጠቆረ። ማታ ቁልሉን ይዤ ሱቃቸው ስገባ ተናድጄ ነበር።

"ጋሽ መኮንን፣ ለውዙን ልጦ፣ አኝኮ ለሰው የሚያቀርብ ነጋዴ አይተው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

ቁልሉን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ያለበት ረጅም ሳቅ ነበር። በሁለተኛዋ እትም መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ መልሱ በሚቀጥለው እትም።

ያቺ መስመር ናት ንግዱን የሠራችው። መጀመሪያ ሰው ተቆጣ። ጂንካ የሚሄድ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "አንቺ ልጅ፣ የቁልቁል ሰባትን ሳትነግሪኝ መኪናው ቢንቀሳቀስ ወዮልሽ" እያለ ሲጮህ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከጂንካ ሲመለስ ከመኪና ወርዶ፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ ቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣው። የባንክ ሴቶች ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ማንኳኳት ጀመሩ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንኳ፣ ጨዋታ ነገር የማይወዱት፣ ጋሽ መኮንን የሰንበት ትምህርት ጥያቄ አንድ ገጽ ሲጨምሩበት "ይኼስ መልካም ነው" ብለው ገዙ። እኔም ራሴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመችውን ንባቤን በዚያች መጽሔት አስኬድኳት። እያንዳንዷን ፊደል ቤት ቤቷ ሳስገባ፣ እንግዳ በየወንበሩ እንደማስቀምጥ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ የበለጠ ሰው ያመጣው ግን የአገር ስጠኝ ገጽ ነው። በእኛ ቤት እንቆቅልሽ ተጠይቆ ያላወቀ ይሳቅበታል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። "አገር ስጠኝ" የሚባለውን ጨዋታ ያስተማሩኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። እሳቸው በልጅነታቸው እንዲያ ነበር የሚጫወቱት፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ ያሸነፈው አገሩን ተቀብሎ በፉከራ ይገባበታል። እኔም መስኮት ሥር ቆሜ "እንቆቅልሽ" እላለሁ፤ ተሳፋሪው "ምን አውቅልሽ" ይላል። ካላወቀ "አገር ስጠኝ" እለዋለሁ። አንዱ ሀዋሳን፣ አንዱ ሳውላን ይሰጠኛል፤ መኪናው በሙሉ ይስቃል፤ መጽሔቷም በዚያው ትሸጣለች። ጋሽ መኮንን ይኼንን አይተው በመጨረሻው ገጽ የአገራችንን ካርታ በእጃቸው ሣሉ። የተሰጠ ከተማ በቀለም ይጠቁራል። ሰው መጽሔቷን ሲገዛ መጀመሪያ የሚገልጠው ካርታውን ሆነ። "ሸቻ ተሰጠች ወይ?" ይላል የሲቀላው። "ሲቀላን ስንት ጊዜ ወሰድናት" ይላል የላይኛው ሰፈር፣ የሸቻው። ከተማው ጦፈ።

ቋጠሮን በእውነት ያሳደጓት ግን የጨንቻ ሸማኔዎች ናቸው። ሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግር ገብቶ፣ እጅ ሲሠራ፣ አፍ ሥራ ይፈታል። አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ እየሸመኑ ይመልሳሉ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሥራ የሚሄዱት ደግሞ እዚያ ላሉት ይዘው ይሄዳሉ። በየእትሙ ከምናወጣው ግማሹ ጥቅል የሚወጣው ወደ ጨንቻ በሚሄደው የማሞ ቅጥቅጥ ጣራ ላይ ነበር። ማሞ ራሱ የጨንቻ ልጅ፣ ቀልደኛ ሹፌር ነው።

መስቀል ሲቃረብ ጋሽ መኮንን ደፈሩ። መስቀል ለጋሞ ሰው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከየትም አገር ያለ ልጅ ወደ ቤቱ ይገባል። ሸማኔው በሙሉ ከአዲስ አበባ ይመጣል። "ለመስቀል በማባዣ አንሠራም" አሉ፤ ማሽኑን ሸጡና የበዓሉን እትም ሀዋሳ ትልቅ ማተሚያ ቤት አስገቡት። ከለር ሽፋን ያላት፣ ወፈር ያለች መጽሔት። ይቺ ከተሸጠች ቋጠሮ መጽሔት ትሆናለች፤ ካልተሸጠች ደግሞ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ማሽን እንኳ የላቸውም። እኔም ከአክስቴ ጋር መኪና ላይ ነኝ። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲቀቀሉ ምን ዓይነት ሽታ እንዳላቸው ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው።

በበዓሉ ዋዜማ እትም፣ ማለት ማሽኑ ሳይሸጥ ከመስቀሏ በፊት ባወጣናት፣ አንዲት እንቆቅልሽ ነበረች፦ "ቀን ሰው ይሸከመዋል፣ ማታ ሰው ይሸሸግበታል።" መልሱ ጋቢ ነው። እትሟ ገና ሳትባዛ፣ ሱቁ የመጣ አንድ የምዕራብ ዓባያ ሙዝ ነጋዴ ተጠይቆ አላወቅሁም አለ። "አገር ይስጡና" አሉት ጋሽ መኮንን። "ጨንቻን ውሰዱ" አለ እየሳቀ፤ "ብርድ ነው፣ ምን ያደርግልኛል።" ጋሽ መኮንንም እንደ ልማዳቸው ካርታው ላይ ጨንቻን አጠቆሩ። ከሥሩም ፉከራ ጻፉ፦ ጨንቻ ገብቼ፣ ሸማኔውን አሰልፌ፣ ጋቢ በላይ በላይ አስሸምኜ፣ ቅቤውን ለእኔ፣ አሬራውን ለሰጠኝ። በእሳቸው አገር ሕፃናት የሚሉት ነው።

መጽሔቷ በወጣች በማግስቱ ማሞ ከጨንቻ ሲመለስ ጥቅሉን ከጣራ አውርዶ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

"ምነው ማሞ?"

"ጨንቻ የእናንተ ሆናለች አሉ። ራሳችሁ አድርሱ።"

"ማሞዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው።"

"እኔም እየተጫወትኩ ነው" አለ፤ አልሳቀም ግን። "የተሰጠ አገር ሹፌር የለውም።"

ሱቅ ሮጬ ለጋሽ መኮንን ስነግራቸው፣ እሳቸውም "ጨዋታ እኮ ነው" አሉ። የሄደ የመጣውን ሁሉ "ጨዋታ እኮ ነው" ይሉታል። የጨንቻ ሰው ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ዋዜማዋ እትም ከደጋ ሳትሸጥ ተመለሰች። የመስቀሏ ደግሞ ከሀዋሳ ልትመጣ ነው፤ መጨረሻ ገጿ ላይ ያው ካርታ፣ ያው የጠቆረች ጨንቻ ታትማባት።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ራሷ ሱቁ ድረስ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብትባል አልገባ አለች።

"ጋሽ መኮንን" አለች፤ አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፣ ቃል እየመረጠች ነው የምትናገረው። "ለእርስዎ ጨዋታ ነው። የእኔ አያት ግን ከነመሬቱ ተሰጥቶ ያውቃል። አገር ለሰው ይሰጥ በነበረበት ጊዜ። የተቀበለውም ሰውዬ ያን ቀን ይስቅ ነበር አሉ።"

ጋሽ መኮንን ማስመሪያቸውን አስቀመጡ። ስንት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው፣ ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁት፣ ሰሌዳ ፊት ተጠርቶ ጠመኔው እጁ ላይ የቀረ የተማሪ ፊት ነው።

"ምን ላድርግ?" አሏት።

"በቃል የተወሰደ በቃል ይመለሳል። ዱቡሻ ይውጡ።" ዱቡሻ የጋሞ ሰው ነገሩን የሚጨርስበት የአደባባይ ሜዳ ነው። "ይቺን ይዘው ይሂዱ። ሽማግሌ በራሱ ቋንቋ ነው የሚፈርደው፤ እሷ ታስተረጉማለች።"

እኔን ነው።

በነጋታው ጠዋት የማሞ ቅጥቅጥ ላይ ተሳፈርን። "ሰው እጭናለሁ፣ ወረቀት አልጭንም" ብሎ ኪሳችንን ሁሉ በዓይኑ ፈተሸ። የጨንቻ መንገድ ዛሬም ያስፈራኛል፤ ያኔማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት። መኪናው እያቃሰተ፣ መታጠፊያ በታጠፈ ቁጥር ዓባያና ጫሞ ሐይቆች አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ወደ ታች እየራቁ ይሄዳሉ። ከታች ሙዝና ማንጎ፤ ትንሽ ከፍ ሲሉ እንሰት፤ ከዚያ ቀርከሃ፤ ከዚያ ጉም። ጉሙ በመስኮት ገብቶ ፊታችንን አረጠበው። ከየጎጆው የእርጥብ እንጨት ጭስ ይሸታል። ተሳፋሪው ጋቢውን ሲከናነብ ማሞ በመስታወት ጋሽ መኮንንን አየና "ጋሼ፣ ኮትዎ ዛሬ አገሩ ገባ" አለ። መኪናው ሳቀ። ጋሽ መኮንንም ሳቁ፤ እኔም ያን ጊዜ ነው ትንፋሽ ያገኘሁት።

ዱቡሻው ሣር የለበሰ ሜዳ ነው፤ ጥግ ጥጉን ድንጋይ ተደርድሮ፣ አንድ ግዙፍ ዛፍ ከላይ። ሽማግሌዎቹ ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ከአዲስ አበባ ቀድመው የገቡ ወጣት ሸማኔዎች ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ቋጠሮን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋታል። ለካ ጥቅሉን ቢመልሱም ጥቂት በድብቅ አስቀርተው አንብበዋታል። ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ፤ በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። በእኛ አገር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው ማንም አልፎት አይሄድም።

ሀላቃው፣ ማለት የአካባቢው መሪ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛ እንደሚያውቁ ከዓይናቸው ያስታውቃል፤ ግን በጋሞኛ ነው የጠየቁት። እኔ መሃል ቆሜ አስተረጎምኩ።

"ጨንቻን ማን ሰጠህ?"

"አንድ የምዕራብ ዓባያ የሙዝ ነጋዴ።"

"ለእሱስ ማን ሰጠው?"

"ማንም።"

"ማንም ያልሰጠውን ሰጠህ፣ አንተም ተቀበልክ።"

"ተቀበልኩ" አሉ ጋሽ መኮንን።

"የት አስቀመጥካት?"

ጋሽ መኮንን ዞር ብለው አዩኝ። "መጨረሻው ገጽ ላይ" አሉ።

ይኼን ስተረጉም ከሸማኔዎቹ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ሳቁ ተዛመተ። ሀላቃው ግን እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኙ።

"እንግዲያው በጨዋታህ እንጫወት" አሉ። "እኛ እንጠይቅሃለን። ካወቅህ ጨንቻ ያንተው ትሁን፤ ዱቡሻ መስክሮልሃል። ካላወቅህ አንተ አገር ትሰጠናለህ።" ከዚያ ጠየቁ፦ "ሳትሞት ትቀበራለች፤ ስትወጣ ታጠግባለች።"

ተረጎምኩት። እንኳን እኔ፣ ከጎኔ የቆሙት ሕፃናት ያውቁታል፤ ቆጮ ነው። እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ይቀበራል፤ ሲቦካ ወጥቶ ይጋገራል። ጋሽ መኮንን ሣሩን እንደያዙ ግንባራቸው ላብ አወጣ፤ በዚያ ብርድ። እኔ ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። አሁን ቢመልሱ ጨንቻ የእሳቸው ናት፤ ጨንቻ የእሳቸው ከሆነች ደግሞ ማንም ሸማኔ ቋጠሮን በእጁ አይነካትም። ባይመልሱ ምን ዓይነት ሀፍረት ሊመጣ ነው? ሁለቱንም ፈራሁ።

"አላውቅም" አሉ ጋሽ መኮንን።

"አገር ስጠን።"

ጋሽ መኮንን ሣሩን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ጎጃም ውስጥ ያለች፣ ማንም ሰምቷት የማያውቅ ትንሽ መንደር ስም ጠሩ። "የተወለድኩባት ናት" አሉ። "እናቴ እዚያ ነው የተቀበረችው። ሌላ የምሰጠው አገር የለኝም።"

ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሀላቃው ከድንጋያቸው ተነስተው መጡና ሣሩን ከጋሽ መኮንን እጅ ተቀበሏቸው። ያን ጊዜ ነው በአማርኛ የተናገሩት፤ ጥርት ባለ አማርኛ።

"እናትህ የተኛችበትን አገር ወስደን ምን እናደርገዋለን? ይኸው፣ ያንተን መልሰንልሃል።"

"እኔም የእናንተን መልሻለሁ" አሉ ጋሽ መኮንን።

"ሌላ ጊዜ ያላወቀ ሰው አገር አይስጥ" አሉ ሀላቃው። "ያላወቀ ያብላ።"

ሜዳው በእልልታ ተናጋ። እኔ እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ፤ ሳቅም ነበረበት። ከዚያ ወደ አንድ ትልቅ የቀርከሃ ቤት አስገቡንና በእንጨት ገበታ ትኩስ ቆጮ ከዳጣና ከቅቤ ጋር ቀረበ። ሀላቃው ከገበታው ቆርሰው ለጋሽ መኮንን በእጃቸው አጎረሷቸውና "መልሱ ይኸውልህ፤ እስከሚቀጥለው እትም ድረስ አላስጠበቅንህም" አሏቸው። ለካ እሳቸውም አንባቢያችን ናቸው።

ስንወርድ ማሞ ከፊት አስቀመጠን። ጋሽ መኮንን ጉሙን ያያሉ። እኔ ነገሩ ከነከነኝ፤ እናቴ ቤት ስንት ጊዜ ቆጮ በልተዋል፣ ጉድጓዱንም ጓሮ ገብተው ያዩት ናቸው።

"ጋሽ መኮንን፣ እውነት ቆጮ መሆኑ ጠፋዎት?"

"ትቀበራለች ሲሉ ገና ነው የገባኝ" አሉ።

"እና ለምን?"

"አንቺ ልጅ፣ አሸንፌ ብወርድ መጽሔቴን ማን ይጭንልኛል?" አሉና ማሞን አዩት። ማሞ ጡሩምባውን ነፋ።

የመስቀሏ እትም ከሀዋሳ ስትመጣ ሱቁ በሰው ሞላ። መጨረሻውን ገጽ መቅደድ አልተቻለም፤ ከጀርባው ጥያቄ አለበት። ስለዚህ በላዩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አዘጋጀን፦ ያላወቀ ያብላ የሚል አዲስ ገጽ፣ የማንም አገር ያልጠቆረበት። እናቴ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ አፍልታ፣ ሙጫ ሠራች። የባንኩ ሴቶች ለጠፉ፣ ማሞ ለጠፈ፣ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ለጠፉ። እጃችን ሁሉ ሊጥ ሊጥ ሸተተ። ጥቅሉ በማሞ ጣራ ላይ ሲወጣ እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ "አክስትሽን አትጠብቂኝ በያት" አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የሮጥኩበት ቀን የለም፤ የት እንደምሮጥ ሳላውቅ ነው የሮጥኩት።

በበዓሉ ሜዳ ላይ ቋጠሮ አለቀች። ችቦ ሲለኮስ ሰው በብርሃኑ እንቆቅልሽ ይጠያየቃል፤ ያላወቀው ያወቀውን እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ይጎትታል። የሸቻ ሰው ሲቀላ በላ፣ የሲቀላው ምዕራብ ዓባያ። ያ የሙዝ ነጋዴ እንኳ አንድ አይሱዙ ሙዝ ይዞ ጨንቻ ወጣ አሉ፤ ያላወቀ ያብላ ብሎ። ቋጠሮ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። አግብቼ ወልጄ እንኳ ምሕረትን አዝዬ ሸጫታለሁ።

መጨረሻዋ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መኪና እስኪሞላ ሰው ስልኩን ማየት ጀመረ። ወረቀት ተወደደ፣ ጋሽ መኮንን አረጁ። የመጨረሻዋን እትም ሲሰጡኝ እንደ ልማዴ ከጀርባ ገለጥኳት። መልሶቹ በሙሉ እዚያው መጨረሻው ገጽ ላይ ታትመዋል። ምንም አልነገሩኝም፤ መናገርም አላስፈለጋቸውም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

እና ቅዳሜ ዕለት ልጄ ያንን ወረቀት ከዓሣው አጠገብ ስትዘረጋ ይኼ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ፍርሃቴ አልወጣልኝም። ዛሬ ሰው ስልኩ ውስጥ ስንት ጨዋታ አለው፤ የእሷን ወረቀት ማን ይገዛታል? ያንን ወንበርና ያንን ማራገቢያ ሌላ ሰው ይዞባት ቢቀርስ? ሌሊቱን የማስበው ይኼንን ነው።

"መልሱን የት ልታደርጉት ነው?" ብቻ ብዬ ጠየቅኳት።

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ካለችበት ቀና ብላ አየችኝ። "በሚቀጥለው እትም ነዋ" አለች። "ሌላ የት ይደረጋል?"

ያኔ የምሯን እንደሆነች ገባኝ።

"የመጀመሪያዋን እንቆቅልሽ በአንቺ ልሞክራት" አለችኝ። "እንቆቅልሽ።"

"ምን አውቅልሽ።"

"ውሃ ውስጥ እያለች አትታጠብም፤ ከውሃ ስትወጣ ትታጠባለች።"

ሳህኑን አየሁት። የጫሞ ዓሣ፣ ጠዋት በገዛ እጄ ያጠብኩት፣ አጥንቱ ከፊቴ ተጋድሟል። ምሕረት እየጠበቀችኝ ነው፤ ዓይኗ እንደ ሕፃን ይበራል።

"አላውቅም" አልኳት።

"እውነት እማ?"

"አላውቅም አልኩሽ።"

ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። "ሕጉን ታውቂዋለሽ" አለች።

"አውቀዋለሁ። ያላወቀ ያብላ።"

"እስከ መቼ?"

የተረፈውን ዓሣ ወደ እሷ ገፋሁት።

"እስከሚቀጥለው እትም" አልኳት።